ከግድግዳ የራቀ ወረቀት

በመሥሪያ ቤታችን ፈሪ ሰው ሞልቷል። አንዱ አለቃውን ይፈራል፣ አንዱ ሚስቱን ይፈራል፣ እኔ ራሴ የጥርስ ሐኪም በር ጋ ስደርስ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። የወረቀት መጋዘን ጠባቂዋን የሚያህል ፈሪ ግን አላየሁም። እሷ የምትፈራው እርጥበት ነበር። ሌባም፣ አይጥም፣ እሳትም ትፈራለች፤ እርጥበት ግን ከሁሉም በላይ ነው። «እትዬ እርጥበት» ብለን ስም አወጣንላት፣ ስሙም ጸናባት። ኃላፊው እንኳ ሳያስበው አንዴ ስብሰባ ላይ በዚሁ ስም ጠርቷታል።

እኔ ኮፒ ማሽኑ ላይ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ የሰው ሰነድ አረጋግጦ ቅጂ የሚሰጥ ስለሆነ የቤት ውሉም፣ የውርሱም፣ የልደቱም ወረቀት በእኔ እጅ ያልፋል። ወረቀት ለማያውቀው ሰው ወረቀት ነው። ለሚያውቀው ግን አመለኛ ነገር ነው። ትንሽ እርጥበት ከነካው ጠርዙ ይጥመለመላል፤ ማሽን ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ ተጣብቆ ይገባና ተጨማዶ ይቀራል። እኔ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስጎለጉል የተሰለፈው ሰው ደግሞ እኔን ይሰድባል። ስለዚህ በእትዬ ብቀልድም የእሷ ፍርሃት እንጀራዬን እንደሚያበስልልኝ አውቃለሁ።

ባሏ ሲሞት ልጇ ገና ተማሪ ነበረች። እትዬ የተቀጠረችው ለጽዳት ነው። መጋዘኑ ምድር ቤት ስለነበር የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ለእሷ ተሰጣት። በመጀመሪያው ክረምቷ የኋላው ግድግዳ አላበውና ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ካርቶን ሁሉ እርስ በርሱ ተጣበቀ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ በሰው ፊት ጮኸባት፤ አባርርሻለሁ አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ እትዬ ሌላ ሰው ሆነች። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው? ሰማዩ ትንሽ ሲጠቁር እሷ መጋዘን ውስጥ ገብታ ግድግዳውን በጉንጯ ትነካለች። መዳፍ ይዋሻል፣ ጉንጭ አይዋሽም ትላለች።

ወረቀት ስትመርጥ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ቲያትር ነበር። ነጋዴዎች ናሙና ይዘው ሲመጡ አንዷን ገጽ መዝዛ በአውራ ጣቷ ትፈትጋለች፤ ጣቷ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ «ይሄ የማሽኑን ሳንባ ይዘጋል» ብላ ትመልሳለች። ቀጥላ በቁመቱም በወርዱም ታጥፋለች፣ የቱ ጋ እንደሚያስቸግር ታያለች። ደስጣውን፣ እሽጉን ወረቀት ማለት ነው፣ አንስታ በጠርዙ እያንሸራተተች በጆሮዋ ትሰማለች። ቀጭን ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈው ፊቱ ላይ ይታያል፤ በጣም ወፍራም ከሆነ ማሽኑ ይታነቃል። አንዴ አንድ ነጋዴ በጣም ነጭ ነው ብሎ ሲያሞግስ «ነጭስ ነው፣ ወረቀት መሆኑን ግን ማን ነገረህ?» አለችው። ሰውዬው ናሙናውን ሰብስቦ ሄደ።

ሕጓ ሦስት ነው። ካርቶን መሬት አይነካም፣ ግድግዳ አይነካም፣ ልብሱን አያወልቅም። ልብሱ የምትለው የደስጣውን መጠቅለያ ነው፤ ውስጡ ሰም ስለተቀባ እርጥበት አያሳልፍም። ማሽኑ አጠገብ ሳይደርስ የቀደደ ሰው ወዮለት። እኔ አንዴ እንዲቀለኝ ብዬ ብዙ ደስጣ ቀድጄ ስደረድር ደረሰችብኝና እጄን በጥፊ መታችኝ። እኔ የልጆች አባት ነኝ እኮ!

ልጇ አድጋ እዚሁ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች፤ አገባች፣ ወለደች። ሚጡ የምንላት የልጅ ልጇ የምትውለው ምድር ላይ ባለው የሠራተኞች ልጆች ማቆያ ነው። እትዬ በሥራዋ መሀል አንዴ ሹራብ፣ አንዴ ውሃ እያለች ምክንያት ፈልጋ ብቅ ትላለች። ልጇ ትቆጣታለች። «እማዬ፣ ልጄንም እንደ ወረቀትሽ አደረግሻት፤ ትንሽ ንፋስ ይንካት እንጂ!» ትላታለች። እትዬ እሺ ትልና ሹራቡን ትደርብላታለች።

ያን ዓመት ዝናቡ ያለ ልክ ሆነ። የምድር ቤቱ ወለል ራሱ ውሃ ማውጣት ጀመረ። እትዬ ኃላፊው ቢሮ እየተመላለሰች ነዘነዘችው። ፎቁ ላይ ሰው የማይገባበት ሰፊ የስብሰባ ክፍል አለ፤ ወለሉ ጣውላ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ንፋስ ያገኛል።

«ጌታዬ፣ እዚያ ቢሆን ወረቀቱ ዕድሜ ልኩን አይታመምም» አለችው።

«እትዬ፣ ወረቀት ነው እኮ የምናወራው!»

«እሱን ነው የምልዎት። ወረቀት ነው።»

ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ግን መነዝነዝ አይወድም። ፈቀደላት። የዓመቱ ወረቀት በሙሉ አንድ ላይ እንዲመጣ ያዘዘውም እሱ ነው። ጭኖት የመጣው መኪና ጓሮ ቆሞ እኛ ከጽዳቱም፣ ከጥበቃውም፣ ከመዝገብ ቤቱም ተጠራርተን በደረጃ ወደ ላይ አመላለስን። አንዱን ካርቶን የተሸከመ ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው የሚመለሰው። እትዬ የእንጨት ርብራብ አሠርታ፣ ካርቶኑን ከግድግዳው አንድ እርምጃ አርቃ፣ ዙሪያውን በረድፍ አስደረደረች። ፀሐይ ወረቀቱን ቢጫ እንዳታደርገው መስኮቱ ላይ ጨርቅ ሰቀለች። ስትጨርስ መሀል ቆማ ዙሪያዋን እያየች ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

«አሁን ሚጡ ታች ትተኛለች፣ እኔ ከላይ ሆኜ እጠብቃታለሁ» አለች። አዎ፣ የልጆቹ ማቆያ ከዚያ ክፍል ሥር ነበር። ማናችንም ሌላ ነገር አላሰብንም።

ጥቂት እንደቆየ የክፍሉ በር አልዘጋ አለ። ስር ስሩን ወለሉን ይፍቃል። እትዬ ክው አለች። በር የሚያብጠው ምን ሲጠጣ ነው? እርጥበት ሲጠጣ ነዋ! ግድግዳውን በጉንጯ ዞረችው፤ ደረቅ ነው። አላመነችም። የውጭው ግድግዳ ውስጥ ውስጡን እያላበው ይሆናል፣ ዛሬ ባይታይ ነገ ይታያል አለች። እኔን ጠራችና በግድግዳው በኩል የነበረውን ረድፍ ወደ መሀል አስጠጋነው። ቦታ ሲጠብ በላይ በላዩ ከመርነው። በሩ ባሰበት። በሩ ሲብስበት እሷም ባሰባት፤ ሌላውንም ረድፍ ወደ መሀል አመጣነው። በመጨረሻ ዙሪያው ባዶ ሆኖ የዓመቱ ወረቀት በሙሉ የክፍሉ እምብርት ላይ ቆመ። እኔ ላቤን እየጠረግሁ «እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከግድግዳ ለማራቅ ጣሪያ ላይ መስቀል ነው የሚቀረን» አልኳት። እሷ ግን ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ሌሊት እንቅልፍ አጥታ እንዳደረች ዓይኗ ይናገር ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ ልጆቹ ምሳ በልተው ሲተኙ፣ እትዬ ሹራብ ይዛ ወደ ማቆያው ወረደች። ሞግዚቷ በሩ ላይ ቆማ ብርድ ልብስ ታራግፋለች።

«እትዬ፣ ይሄ ኮርኒስ ምን ነክቶት ነው? ጠዋት ጠርጌ ቀትር ላይ ይኸው እንደገና! ልጆቹ ፀጉር ላይ ሁሉ ነው» አለቻት።

እትዬ እንደ ልማዷ ዱቄቱን በአውራ ጣቷ ፈተገችው። የወረቀት ዱቄት አይደለም። ኖራ ነው። ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ድሮ ለጥ ያለው ኮርኒስ መሀሉ ላይ ወደ ታች አብጧል። ከመብራቱ ጀምሮ እስከ መስኮቱ ድረስ ቀጭን ስንጥቅ ወርዷል። ከሥሩ ልጆቹ ፍራሽ ላይ በተርታ ተኝተዋል፤ አንዱ አፉን ከፍቷል፣ አንዷ አውራ ጣቷን ጎርሳለች። ሚጡ መሀል ላይ ናት። እትዬ እያየች ሳለ ከላይ አንድ ነገር ቋ አለ።

የዚያን ጊዜ ገባት። በሩ እርጥበት አልጠጣም። በሩን ያጣመመው ከክብደቱ የጎበጠው ወለል ነው። የጎበጠው ደግሞ እሷ ከግድግዳ ባራቀችው ወረቀት ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ላይ የደረሰባት ግን ያልፈራችው ነው።

ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። እግሯ እየተጎተተ ነው። ማሽኑ ላይ ተደግፋ ትንፋሿን መሰብሰብ አቃታት።

«ና… ና አንዴ» አለችኝ።

«ምነው እትዬ፣ ደግሞ የቱ ግድግዳ አላበው?»

«ልጆቹ!» አለች። ዞራ ወደ ማቆያው ሄደች።

ተከትያት ሄድኩ። መሳቄን ያቆምኩት ቀና ብዬ ካየሁ በኋላ ነው። የዚያን ሁሉ ካርቶን ክብደት ትከሻዬ ያውቀዋል፤ በእጄ ነው የከመርኩት። ከዚያ ኮርኒስ ሥር አንድ እርምጃ መግባት አልቻልኩም። በሩ ላይ ቆሜ የመዝጊያውን እንጨት ይዣለሁ።

ወደ ኃላፊው ሮጥን። እንግዶች ነበሩበት። እትዬ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጌታዬ፣ ፎቁ ሊወርድ ነው። ልጆቹን እናውጣቸው።»

ሰውዬው በእንግዶቹ ፊት አፈረ። ባለፈው ወር ጭስ ሸተተኝ ብላ ሕንጻውን በሙሉ አስወጥታ ነበር፤ የሸተታት የጥበቃው ሲጋራ ነው። ከዚያ በፊትም አይጥ ብላ አስጩኻናለች። ጆሮው እንዳይሰማት ተለማምዷል።

«እሺ እትዬ፣ ገባኝ። ነገ ጠዋት አንድ ባለሙያ ጠርተን እናሳያለን። አሁን ተረጋጊ» አላት።

«ነገ?» አለች እትዬ።

«ነገ።»

ትታው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሞግዚቷ ያለ ኃላፊው ትእዛዝ የተኛ ልጅ አትቀሰቅስም። እናቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቢሮ ውስጥ ናቸው። እያንዳንዳቸውን ለማሳመን ጊዜው የለም፤ እትዬ ስትናገር ደግሞ የሚያምናት የለም። ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች።

«እሳት! እሳት! ልጆቹን አውጡ! እሳት!»

ለእሳት ማንም ማስረጃ አይጠይቅም። ቢሮው ተገለበጠ። እናቶች ጫማቸውን ጥለው ወረዱ፤ ሞግዚቷ ሁለት ልጅ በሁለት ብብቷ ይዛ ወጣች፤ የሰነድ ባለጉዳዮች እንኳ የሰው ልጅ አንስተው ሮጡ። እኔም፣ እግዜር ይስጣት፣ እሷ በጩኸቷ አነቃችኝና እግሬ ተንቀሳቀሰ፤ ገብቼ አንድ ወንድ ልጅ ከነፍራሹ ጎትቼ አወጣሁ። በአንድ አፍታ ጓሮው በሚያለቅስ ልጅ ተሞላ። ሁሉም የራሱን እየፈለገ ያቅፋል፣ ይዳብሳል፣ ይስማል።

የእትዬ ልጅ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች ነው።

«ሚጡስ? ሚጡን ማን ይዟታል? እማዬ፣ ሚጡን ይዘሻታል?»

ማንም አልያዛትም። ሞግዚቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናቲቱ ወደ በሩ ስትወረወር እትዬ ቀድማ ወገቧን አንቃ ያዘቻት። ያቺ የጠወለገች ሴት ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

«አትገቢም» አለቻት። «ክብደት አንጨምርም። እኔ ቀላል ነኝ።»

ይሄ እውነት ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። ወለሉ ከላይ ነው፣ ከታች የሚገባ ሰው ምን ይጨምርበታል? ልጇን ለማስቆም ግን ሌላ ቃል አላገኘችም። እናቲቱን ወደ እኔ ገፋቻትና ገባች።

እኔ እናቲቱን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ሚጡ ጥግ ካለው የአሻንጉሊት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጉልበቷን አቅፋለች። እሳት ሲባል ፈርታ ተደብቃለች። ጠረጴዛው ኮርኒሱ ካበጠበት ሥር ባይሆንም ስንጥቁ ወደ እሱ መጥቷል። እትዬ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደች። ጉንጯ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከመሀል አንድ የኮርኒስ ቁራጭ ወድቆ ሚጡ ተኝታበት የነበረው ፍራሽ ላይ ተሰበረ። እናቲቱ ጮኸች፤ አፏን በመዳፌ ዘጋሁት። እትዬ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ደግሞ ሄደች።

«ሚጡዬ፣ ነይ» አለች ቁጭ ብላ።

«እንቢ። እፈራለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ አትፈሪም?»

እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። ማንም ሰው ይዋሻል።

«እፈራለሁ እንጂ! በጣም ነው የምፈራው። ይኸው እጄን እዪው» አለችና የሚንቀጠቀጠውን እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደች። «ነይ፣ አብረን እየፈራን እንውጣ።»

ልጅቷ እጁን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ያዘችው። እትዬ ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፣ የልጅቷን ራስ በሹራቡ ሸፈነችና በዚያው በግድግዳው ጥግ ተመለሰች። አልሮጠችም። ደጃፉን ስትሻገር ለሁለት ልትታጠፍ ስትል ደገፍኳት።

እሳት እንደሌለ አሁን ሁሉም አውቋል። ኃላፊው ጃኬቱን ረስቶ በሸሚዝ መጥቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ለጥበቃው ማንም እንዳይገባ ነገረው፣ ግንባሩንም ጠረገ። በኋላ የመጡት አናጢዎች በግንድ ደግፈው ወለሉን ሲያዩት አንዱ አግዳሚ እንጨት እስከ ግማሹ ድረስ ተሰንጥቆ ነበር።

የእትዬ ልጅ ሚጡን ከእናቷ ደረት ነጥቃ ይዛለች። የልጅቷ ፀጉር በኖራ ነጭ ሆኗል። በእጇ እየጠረገችላት ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን።

«ማነው?» አለች። «ማነው ልጄ ራስ ላይ ያን ሁሉ የቆለለው?»

ሰው ሁሉ ኃላፊውን አየ። ክፍሉን የፈቀደው እሱ፣ ወረቀቱን ያዘዘው እሱ ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እትዬ ዝም ብትል ማንም አይጠቁምባትም ነበር፤ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ኃላፊው ለመናገር አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«አንቺ?»

«በሩ ሲያብጥ እርጥበት መስሎኝ ወደ መሀል አመጣሁት። አስተማማኝ ቦታ ነው ብዬ።» ሹራቡን በእጇ ጠመዘዘችው። «ከልጅቷ በላይ መሆኑን አውቄ ነው ያስቀመጥኩት። ክብደቱን አላሰብኩትም። አንዴም አላሰብኩትም።»

ልጇ አየቻት። ያን ዓይን ባላየው ይሻለኝ ነበር። ሚጡን በትከሻዋ ላይ አስተካክላ ዞረች፣ በሰዎቹ መሀል አልፋ ወደ ግቢው በር ሄደች። እትዬ አልተከተለቻትም። ሹራቡ እጇ ላይ ቀርቷል። እኔ ቀልድ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። «አይዞሽ እትዬ» አልኩ፣ እሷ ግን አልሰማችኝም።

የእትዬ ልጅ የግቢው በር ላይ ደርሳ ቆመች። ሚጡ ትከሻዋ ላይ ሆና እየተንፈራገጠች ታለቅሳለች፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታለች። እናቷ አንድ ነገር አለቻት፤ አባበለቻት፤ ወዘወዘቻት። አልሆነም። ከዚያ ተመልሳ መጣች። እትዬ ፊት ቆማ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች፣ ቁጣዋ ጉሮሮዋ ላይ እንዳለ፣ እንዲህ አለቻት፦

«ነይ እንጂ ያዣት፤ ፈርታለች። አንቺን ነው የምትለው።»